የተኛውን ከሞተው መለየት
(ስለ አበባ ሽንኩርት አያያዝ የቀረበ አጭር ትምህርት)



እንደሚታወቀው ከመካከላችን ብዙዎቹ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከመካኒሳ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በተከራየሁት ክፍል ሳለሁ ያደረስሁት አንድ ጥፋት ነው።

የቤቱ እመቤት በደጃፋቸው ላይ፣ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ የተከሉት አንድ አበባ ነበራቸው። በመጋቢት ወር አንድ ወፍራም አገዳ አውጥቶ፣ በጫፉም ላይ እንደ መለከት አፍ የሰፉ አራት ቀይ አበቦች ከፍቶ ግቢውን ሁሉ ሲያስጌጥ አይተነዋል። ኅዳር ሲገባ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወደቀ፤ ቆርቆሮውም ደረቅ አፈር ብቻ የያዘ መሰለ። እኔም ግቢውን ላጸዳ በተነሣሁበት ቀን ‹‹ይህስ ሞቷል›› ብዬ አፈሩን ከነሥሩ ገልብጬ ከቆሻሻው ጋር ላክሁት። በማግሥቱ እመቤቲቱ ባዶውን ቆርቆሮ አይተው ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ‹‹ልጄ፣ ተኝቶ ነበር እኮ›› ብቻ አሉኝ። ያ አበባ ከሟች እናታቸው ቤት ይዘውት የመጡት መሆኑን የሰማሁት በኋላ ከጎረቤት ነው።

ስለ ሴል ክፍፍልና ስለ ፎቶሲንተሲስ ፈተና የምናልፍ ሰዎች የተኛውን ከሞተው መለየት ካቃተን፣ በትምህርታችን ላይ አንድ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። እኔም የጎደለኝን ለመሙላት ካነበብሁትና በእጄ ከሞከርሁት ያገኘሁትን ከዚህ ቀጥሎ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ሀ/ የአበባ ሽንኩርት ማለት ምን ማለት ነው?

ተክሎች ለክፉ ቀን የሚሆናቸውን ስንቅ ከመሬት በታች የሚያስቀምጡበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። ድንች ስንቁን የሚያኖረው ከመሬት በታች ባበጠ የግንድ ጫፍ ነው፤ ዝንጅብል አግድም በሚሄድ ግንድ ውስጥ ነው፤ እንሰት ደግሞ አምቾ በምንለው ጠጣር ግንድ ውስጥ ነው። ሽንኩርት ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ስንቁን በቅጠሎቹ ግርጌ ስለሚያከማች ነው።

አንድ ራስ ሽንኩርት ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቃችሁ ብትመለከቱ ሦስት ነገር ታያላችሁ። ከታች ሥሮቹ የሚወጡበት ጠንካራ ወለል አለ፤ እውነተኛው ግንድ ይህ ነው። በወለሉ ላይ እርስ በርሳቸው የተቃቀፉ ወፋፍራም ንብርብሮች አሉ፤ እነዚህ የቅጠሎች ግርጌዎች ናቸው። በመካከል ደግሞ ለጋው ቡቃያ ተሸሽጎ ይገኛል። እኔ የጣልሁት አበባ፣ ማለትም በገበያ አማሪሊስ የሚባለው፣ አሠራሩ ልክ እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ንብርብሮቹ የያዙት ስንቅ ለወጥ ሳይሆን ለአበባ የሚውል መሆኑ ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት ለመናገር፣ ይህ አበባ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ1821 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቄስና የዕፀዋት ሊቅ ዊልያም ኸርበርት ከደቡብ አፍሪካው አማሪሊስ ለይቶ ሂፒያስትረም ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም የፈረሰኛ ኮከብ ማለት ነው። ሆኖም የቀድሞው ስም በነጋዴውና በአትክልተኛው አፍ እንደ ቀረ ነው። እኛም በዚሁ እንጠራዋለን።

ለ/ አበባው የሚሠራው መቼ ነው?

አብዛኛው ሰው አበባው የሚሠራው በሚያብብበት ወር ይመስለዋል። በአማሪሊስ ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሽንኩርቱ ሦስት ወይም አራት ቅጠል ባወጣ ቁጥር በውስጡ አንድ የአበባ እምቡጥ ይጸንሳል። ያም እምቡጥ ከተጸነሰ ጀምሮ ወደ ውጭ እስኪወጣ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዘንድሮ የምናየው አበባ አምና ወይም ካቻምና የነበሩት ቅጠሎች ሥራ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ አበባው ከረገፈ በኋላ አረንጓዴውን ቅጠል መቁረጥ የሚመጣውን ዓመት አበባ መቁረጥ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው አበባው ሲያልቅ ‹‹ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?›› በማለት ቅጠሉን ይመለምላል፤ ወይም ቆርቆሮውን ፀሐይ ከማያገኝበት ጓሮ ይወስደዋል። ዋናው ሥራ የሚጀመረው ግን በዚያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው፣ ሽንኩርቱ ዘንድሮ ሳያብብ ቢቀር ጥፋቱን መፈለግ የሚገባን በዘንድሮው ውሃ ብቻ ሳይሆን በአምናው አያያዝም መሆኑ ነው።

ሐ/ ስለ አፈሩና ስለ መትከያው ዕቃ

በክፍለ ከተማችን በብዙ ሰፈር የሚገኘውን ጥቁር መረሬ የማያውቅ የለም። በክረምት ከጫማ አይላቀቅም፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ሥርም መተንፈስ ስላለበት፣ አየር ባጣ እርጥብ አፈር ውስጥ የቆየ ሽንኩርት ከወለሉ ጀምሮ ይበሰብሳል። የአበባ ሽንኩርት በጥማት ከሚሞተው ይልቅ በውሃ ብዛት የሚሞተው ይበልጣል።

ስለዚህ መረሬውን ብቻውን ወደ ዕቃው መጨመር አይገባም። የሚከተለው ድብልቅ ይበቃል፤
ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣
አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ወይም የቆየ ፍግ፣
አንድ እጅ ደቃቅ ቀይ አሽ፣ እርሱም ከጠፋ ደረቅ አሸዋ።

ቀይ አሽ በየቤቱ ግንባታ አጠገብ ተከምሮ የምናየው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃውን ያሳልፋል፤ አየርም ይይዛል። ድብልቁን ለመፈተን ጥቂት አርጥባችሁ ጨብጡትና እጃችሁን ክፈቱ። በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ተስማሚ ነው፤ እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ ቀይ አሽ ይጨመርበት። ትኩስ የቡና አተላ በቀጥታ በአበባው ላይ መድፋት በየቤቱ የተለመደ ቢሆንም እርጥበት አምቆ ስለሚይዝ አስቀድሞ ከብስባሹ ጋር ቢበስል ይሻላል።

ለመትከያው ዕቃ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የአምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን ወገቡ ላይ ቆርጦ፣ በጋለ ምስማር ከሥሩ አምስት ስድስት ቀዳዳ መብሳት ነው። በሽንኩርቱና በዕቃው ግድግዳ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሰፋ ዕቃ ሥሩ የማይደርስበት እርጥብ አፈር ይይዛል። ሲተከልም ከሽንኩርቱ ቁመት ሢሶው ወይም እኩሌታው ከአፈር በላይ መታየት አለበት። አንገቱ ድረስ የተቀበረ አማሪሊስ ዝናብ ሲመጣ ለብስባሴ ይጋለጣል።

መ/ የዓመቱ ሥራ በየወሩ

ከውጭ አገር በሚመጣው ሽንኩርት ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው መመሪያ የተሠራው ለአውሮፓ ክረምት ነው። እኛ ግን የምንከተለው የራሳችንን ዝናብና በጋ ነው።

1ኛ/ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት (መቀስቀሻ)፦ ዕቃውን ብርሃን ወደሚያገኝበት ቦታ አውጡ። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሲኒ ውሃ በዳር በኩል አጠጡ እንጂ በአንገቱ ላይ አታፍስሱ። ቡቃያው የጣት ቁመት ካወጣ በኋላ ውሃውን ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል። ሽንኩርቱ ከነቃ በኋላ ለማበብ ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል፤ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

2ኛ/ መጋቢትና ሚያዝያ (ማበቢያ)፦ አገዳው ወደ ብርሃን ስለሚያዘነብል ዕቃውን በየሁለት ቀኑ ማዞር ነው። የጠወለገውን አበባ ዘር ሳይቋጥር ቁረጡት፤ ዘር መቋጠር ብዙ ስንቅ ይፈጃል። አገዳው ሲለሰልስ ከሽንኩርቱ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። ቅጠሉን ግን አትንኩ።

3ኛ/ ከግንቦት እስከ መስከረም (ስንቅ መሰብሰቢያ)፦ ቅጠሉ ሙሉ ብርሃን ይፈልጋል። በአዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፤ የሚበዛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለሆነም ዕቃውን በረንዳ ላይ ወይም ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ማኖር ይገባል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በቀጥታ እንዳያገኘው፣ በረዶም ቅጠሉን እንዳይቀደው መጠንቀቅ ነው። በወር አንድ ጊዜ አንድ እፍኝ ብስባሽ ቢጨመርለት ይበቃዋል። ዩሪያ ማብዛት ቅጠሉን ያለመልማል እንጂ አበባ አይሰጥም፤ ሽንኩርቱንም ልፍስፍስ ያደርገዋል።

4ኛ/ ጥቅምት (መሰናበቻ)፦ ውሃውን በየሳምንቱ እየቀነሳችሁ ሂዱ።

5ኛ/ ከኅዳር እስከ ጥር (እንቅልፍ)፦ ውሃ ማጠጣት ይቁም። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ቢጫ ሆኖ ስንቁን ወደ ሽንኩርቱ ይመልሳል፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ ይነሣል። ስምንት ወይም ዐሥር ሳምንት ያህል በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይረፍ። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማይጥል አማሪሊስም ስላለ፣ እንቢ ያለውን በመቀስ ማስገደድ አይገባም። ከሁሉ በላይ ግን በዕቃው ላይ ‹‹ተኝቷል›› ብላችሁ በጉልህ ጻፉበት። በጋራ ግቢ የሚኖር ሰው ይህን ካላደረገ እንደ እኔ ያለ ጽዳት ወዳድ ያጋጥመዋል።

የተኛው ከሞተው የሚለየው እንዲህ ነው። አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ሽንኩርቱን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነና ክብደት ካለው፣ ላዩ እንደ ደረቅ ወረቀት ቢላላጥም እንኳ በሕይወት አለ። ጣት የሚያሰምጥ፣ ውሃ የሚያወጣና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። ባዶ ቅርፊት ከሆነም አልቆለታል። ይህ ምርመራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ግማሽ ደቂቃ ነፈግሁት።

ሠ/ ስለ ሕመምና ስለ መርዝ

በቅጠሉና በአገዳው ላይ ቀያይ ሰንበርና ጠባሳ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አትክልተኞች ቀይ እሳት የሚሉት የሻጋታ በሽታ ነው። የሚዛመተው በሚረጭ ውሃ ስለሆነ ቅጠሉን ከማርጠብ መከልከልና የታመመውን ክፍል በንጹሕ ምላጭ ቆርጦ መጣል ይገባል። በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ ከተገኘም በአልኮል በተነከረ ጥጥ መጥረግ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጥንቃቄ ለሰው ነው። የአማሪሊስ ቤተሰብ የሆኑት ሽንኩርቶች ላይኮሪን የሚባል መርዝ አላቸው፤ የበላቸውንም ሰው ያስታውካሉ፤ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥም ያስከትላሉ። አራት ተማሪ በአንድ ወጥ ቤት በሚጠቀምበት ቤት የተነቀለ የአበባ ሽንኩርት ከቀይ ሽንኩርቱ ቅርጫት አጠገብ ማኖር አደጋ ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤትም ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። በሌላ በኩል ሳይንስ ከዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት አውጥቷል፤ የመርሳት በሽታን ምልክቶች ለማቃለል የሚሰጠው ጋላንታሚን በመጀመሪያ የተገኘው ከእነዚህ ሽንኩርቶች ነው። ይህ ማለት ግን ሰው በቤቱ እየቀቀለ ይጠጣው ማለት አይደለም።

ረ/ ቱሊፕ በአዲስ አበባ ለምን እንቢ ይላል?

ከውጭ አገር የሚመለስ ዘመድ የቱሊፕ ሽንኩርት ይዞ ይመጣል። ይተከላል፤ ጥቂት ቅጠል ያወጣል፤ ከዚያም ሳያብብ ይቀራል፣ ወይም አበባው ከመሬት ሳይነሣ አጭር ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱም እጁን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የእጁ አይደለም። ቱሊፕ በውስጡ ያለው አበባ አገዳውን ይዞ እንዲወጣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ያልተቋረጠ ብርድ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ከ20 ዲግሪ ያልፋል፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ ክረምቱ ማለፉን የሚያውቅበት ምልክት ያጣል። መሞከር የሚፈልግ ሰው ሽንኩርቱን ለሦስት ወር በማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይችላል። ሆኖም ፍራፍሬ አጠገብ መሆን የለበትም፤ ከሚበስል ፍሬ የሚወጣው ኤትሊን የሚባለው ጋዝ በውስጡ ያለውን እምቡጥ ያበላሸዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም የሚመጣው የሌላ አገር እንቅልፍ የለመደውን ተክል በእኛ አገር ለማስተኛት ስለምንጥር ነው። ‹‹የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ›› ይሉ የለ? ከበጋችን ጋር የሚተኙ፣ ከዝናባችን ጋር የሚነቁ አበቦች በአገራችን ሞልተዋል።

ሰ/ የአገራችን አበቦች

የመጀመሪያዋ በዓለም ገበያ የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ እየተባለች የምትሸጠው ናት። ስድስት ነጫጭ ቅጠሎች፣ በመካከልዋም ጥቁር ሐምራዊ ጉሮሮ አላት፤ ሽታዋ በምሽት ይበረታል። ጀርመናዊው ሆክስቴተር በ1844 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት፣ በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የኖረው ሺምፐር ሰብስቦ ከላከው ናሙና ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግላዲዮለስ ሙሪየሌ የሚለውን ስም አገኘች፤ ስሙም በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረ ሰው ባለቤት መታሰቢያ ነው። ከመሬት በታች ያለው ራስዋ በትክክሉ ሽንኩርት ሳይሆን እንደ አምቾ ጠጣር ነው። በግንቦት አንድ መዳፍ በሚያህል ጥልቀት ትተከላለች፤ በክረምቱ ዝናብ ታድጋለች፤ ወደ ክረምቱ መውጫ ታብባለች፤ በጋውን ደግሞ ደርቃ ትተኛለች። በአውሮፓ በየግቢው የምትተከለውን ይህችን አበባ በገዛ አገርዋ ስንቶቻችን በመልክ እናውቃታለን?

ሁለተኛው ስካዶክሰስ ነው። ዝናብ ሲጀምር ከአንድ አገዳ ላይ ብዙ ጥቃቅን ቀያይ አበቦች እንደ ኳስ ተሰብስበው ይወጣሉ። ሦስተኛው ክራይነም አቢሲኒከም የሚባለው ነው፤ ይህንና መሰሎቹን ሕዝቡ የጅብ ሽንኩርት ይላቸዋል። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የጅብ እንጂ የሰው ምግብ አይደለም ማለት ነው። ሁለቱም የአማሪሊስ ዘመዶች ስለሆኑ ከላይ ስለ መርዝ የተባለው ለእነርሱም ይሠራል።

ስም ደግሞ ሊያሳስት እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። በየግቢው እርጥብ ቦታ ላይ የምትታየው ነጭዋ ካላ ሊሊ በሳይንስ ስምዋ ‹‹ኤቲዮፒካ›› ትባላለች፤ ትውልድዋ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። የጥንት ሊቃውንት ኢትዮጵያ የሚሉት የጥቁሩን አፍሪካ ምድር በሞላ ስለነበረ ነው። ስለ እውነተኞቹ የአገራችን አበቦች ማወቅ የሚሻ ሰው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሴው ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ሬትና ስለ ሌሎች የሊሊ ዘመዶች ጽፈው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ያሳተሙትን መጽሐፍ ይመልከት። የደረቁት ናሙናዎችም በዩኒቨርሲቲያችን በብሔራዊው ሄርባሪየም ተጠብቀው ይገኛሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከሜዳና ከጫካ ሽንኩርት ነቅላችሁ አታምጡ። ጀሞና ለቡ የግጦሽና የእርሻ መሬት የነበሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ሜዳው ቤት በሆነ ቁጥር የዱር አበባው ስፍራ ይጠባል። በዚያ ላይ እኛ ብንጨምርበት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከዱር ሽንኩርት የሚወሰደው ዘሩ ነው፤ እርሱም ከብዙው ጥቂቱ።

መደምደሚያ

አማሪሊስ ዕድሜው ሲጠና በጎኑ ትናንሽ ልጆች ያወጣል። በእንቅልፉ ማብቂያ፣ ልጁ የራሱ ሥር ካወጣ በኋላ በእጅ ለይቶ፣ የተቆረሰበትን ቁስል በከሰል ዱቄት አብሶና አንድ ቀን አድርቆ መትከል ይቻላል። እስኪያብብ ግን ሁለት ሦስት ዓመት መታገሥ ያስፈልጋል። እኔም ከአንዲት ጎረቤት አንድ ልጅ ለምኜ፣ በዚያው በባዶው የቀለም ቆርቆሮ ተክዬ ለእመቤቲቱ መለስሁላቸው። የእናታቸው አበባ አለመሆኑን እርሳቸውም እኔም እናውቃለን። አሁን ሦስት ቅጠል አውጥቷል፤ ገና አላበበም።

በመካከላችን አበባ ያለው ተማሪ በየዓመቱ አንድ ልጅ ለጓደኛው ቢሰጥ ብዙ ግቢ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞላል። ሲሰጥም ይህን አንድ ቃል አብሮ ይስጥ፤ በኅዳር ቅጠሉ ሲወድቅ አትጣለው፣ በጣትህ ጫን ብለህ እየው።